ማነር ሃውስ ማለት ቤቱ ነው ወይስ መሬቱ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከክፍሏ ልጆች ጋር አይተም ሞት የሚባል ጥንታዊ ቤት ጎብኝታ መጣች። ‹ማነር ሃውስ ነው፤ ንጉሥ አልኖረበትም፤ ውሻው ግን የራሱ ትልቅ ቤት ነበረው› አለችኝ። ማነር ሃውስ ምንድን ነው? ቤተ መንግሥት ነው ወይስ የሀብታም ቪላ? ባለቤቶቹስ ለምን ለቀው ወጡ? ጃንሆይ በስደት የኖሩበት የባዝ ቤትስ ማነር ሃውስ ነው? ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ‹የማነር ጌታ› የሚል ማዕረግ ሲሸጥ አይቻለሁ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት። ንጉሥ እንዳልኖረበት ማስተዋሏ ራሱ የጉዳዩ መግቢያ በር ነው። እኔ ሙያዬ የጥንት ሕንፃዎች ጥገና ነው። እንጨትና ኖራ ስነካ ነው የምውለው። ስለዚህ መልሴ ከግድግዳው ብዙ አይርቅም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።

ከስሙ ልጀምር። «ሞት» ብለን በፊደላችን ስንጽፈው ለጆሯችን ይከብዳል። በእንግሊዝኛው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን ዙሪያውን ከከበበው ውሃ የሞላበት ቦይ ጋር ያያይዘዋል። ሌሎች ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ሸንጎ ወይም የሸንጎ መሰብሰቢያ ማለት ከሆነ ቃል የመጣ ነው ይላሉ። እኔ የቱ ትክክል ነው ብዬ አልፈርድም። ሁለቱም ግን ለዚህ ዓይነት ቤት የሚመጥኑ ስሞች ናቸው። ለምን እንደሆነ አሁን ታዪዋለሽ።

ማነር መጀመሪያ የቤት ስም አልነበረም። የመሬት ስም ነበር። እንዲያውም መሬቱ ላይ ያለው መብት ስም ነው ብል ይበልጥ ይቀርባል። በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። መሬቱንም ለተከታዮቹ አከፋፈለ። በ1085 የገና ሰሞን ደግሞ አገሩ ሁሉ እንዲቆጠር አዘዘ። በ1086 የተጠናቀቀው መዝገብ ከ13,000 በላይ ቦታዎችን ይዘረዝራል። ማን ያዘው፣ ስንት ጥማድ በሬ ያርሰዋል፣ ወፍጮ አለው ወይ፣ ጫካው ስንት አሳማ ይቀልባል፣ ዋጋው ስንት ነው ይላል። የመዝገቡ መቁጠሪያ ማነር ነው። ስለ ቤቱ ውበት አንድ ቃል አታገኚበትም።

ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት የምጠቀምበት ቃል «ጉልት» ነው። ንጉሡ ለመኳንንቱ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ይሰጣል። ባለጉልቱ በገባሮቹ ላይ ይዳኛል፣ ከምርታቸው ይወስዳል። የእንግሊዙ ማነርም በዚሁ መንገድ የሚታይ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴ አይደለም። እኛ ዘንድ ገባሩ ብዙ ጊዜ በእጁ ርስት ነበረው፤ ርስቱን ባለጉልቱ በቀላሉ አይነቅለውም። የእንግሊዙ ገባር ግን ከመሬቱ ጋር የታሰረ ነበር። ያለ ጌታው ፈቃድ ጥሎ መሄድ አይችልም። ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍላል። አባወራው ሲሞት ደግሞ ከከብቶቹ ምርጡ ወደ ጌታው ግቢ ይነዳል። እስቲ አስቢው፣ ቤተሰቡ ገና ከሐዘን ሳይወጣ በሬው ይወሰዳል። እህሉንም በጌታው ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር።

የማነሩ መሬት ከሁለት ይከፈላል። አንዱ ገበሬዎቹ ለራሳቸው የሚያርሱት ነው። ሌላው የጌታው የራሱ እርሻ ነው። እኛ ሁዳድ የምንለው። ገበሬው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሁዳድ ላይ ይውላል። ይህን የሚቆጣጠር እንደ ጭቃ ሹም ያለ ሰው ነበር፤ ከሱ በላይ ደግሞ እንደ ምስለኔ ያለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ አንቺ የኬንት ነዋሪ ነሽና ይመለከትሻል። ኬንት የራሷ ልማድ ነበራት። የኬንት ገበሬ እንደ ሌላው አውራጃ ገበሬ ለጌታ የታሰረ አልነበረም። ርስቱም ለበኩር ልጅ ብቻ ሳይሆን ለወንዶች ልጆች ሁሉ እኩል ይካፈል ነበር። ስለዚህ ስለ ማነር በጥቅሉ የሚባለውን ሁሉ አይተም ላይ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ታዲያ ቤቱስ? ቤቱ የዚህ ሁሉ መብት ጽሕፈት ቤት ነበር። ዛሬ ወረዳ፣ ፍርድ ቤት፣ ገቢዎችና የእህል ጎተራ የምንላቸውን አንድ ጣሪያ ሥር አስቢያቸው። የማነሩ ሸንጎ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የማን በግ የማንን አዝመራ በላ፣ ማን ድንበር ገፋ፣ ማን ሞቶ ማን ተተካ፤ ሁሉም በብራና ጥቅል ላይ ይጻፋል። የገበሬው የይዞታ ማስረጃ ያ ጥቅል ነበር። ዕዳውም ያው ጥቅል ነበር። በ1381 በኬንትና በኤሴክስ የተጀመረው የገበሬዎች ዓመፅ ሲፈነዳ ሰዎቹ በየማነሩ እየገቡ ጥቅሎቹን እያወጡ አቃጠሉ። ስንት ወርቅና ብር ባለበት ቤት ወረቀት ፍለጋ የሚገባ ሰው፣ ቤቱ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

የቤቱ አሠራርም ይህንን ይመስላል። ሁለት ቃላት ብቻ ያዢ፦ አዳራሽና እልፍኝ። አዳራሹ ግብር የሚበላበት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ በጥንቱ ጊዜ እሳቱ መሀል ወለሉ ላይ ይነድዳል፣ ጭሱም በጣሪያው በኩል ይወጣል። ጌታው ከፍ ካለው መደብ ላይ ይቀመጣል። አሽከሩ፣ ጸሐፊው፣ እንግዳው፣ ባለጉዳዩ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደየማዕረጉ ይደረደራል። ማታ ብዙው ሰው እዚያው ይተኛል። እልፍኙ ደግሞ የጌታውና የቤተሰቡ የግል ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፎቅ ላይ። የእንግሊዝ ማነር ሃውስ ታሪክ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከአዳራሽ ወደ እልፍኝ የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው። ጌታው ከሕዝቡ ጋር መብላት ቀስ በቀስ ተወ። የእሳት ማንደጃ ከነጭስ ማውጫው ግድግዳ ውስጥ ገባ። ክፍሎች በዙ። መስታወት ረከሰ። በኋላም ለአሽከሮች የተለየ የጓሮ ደረጃና የመጥሪያ ደወል ተሠራ፤ ከጌታው ጋር በመተላለፊያ እንዳይገናኙ። አዳራሹ መግቢያ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት መቅሠፍቱ ነው። በ1348 እና 1349 የገባው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚሆነውን ጨረሰ። የሚያርስ ጠፋ። የተረፈው ገበሬ ደመወዝ መደራደር ጀመረ። መንግሥት በ1351 ሕግ አውጥቶ ደመወዙን በድሮው ልክ ሊያስቆመው ሞከረ። አልሆነለትም። ጌቶቹ ሁዳዱን በኪራይ ማከራየት ያዙ። ሁዳድ ከሌለ ጭቃ ሹም ምን ይሠራል? ሸንጎውም እየቀዘቀዘ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ራሱን የቻለ አዲስ ሥራ ያስፈልገው ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የእያንዳንዱ ማነር ሃውስ ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን ምን ላድርግበት? መልስ ያገኘው ቆሟል። ያላገኘው ፈርሷል።

አሁን ወደ አይተም ሞት እንግባ። ቤቱ ከሴቨንኦክስ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ጥልቅ ባለ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጧል። እስክትደርሺበት አይታይም። የጥንቱ ክፍል የተሠራው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከ1320ዎቹ ወዲህ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ግቢውን መሀል አድርጎ ይዞራል። ከ70 በላይ ክፍሎች አሉት። ታችኛው ክፍል ብዙው የኬንት ድንጋይ ነው። ላይኛው ብዙው የኦክ እንጨት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ሙያ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ሌላ ቤት ላይ ስንሠራ፣ አለቃዬ የግድግዳውን ልስን በጥንቃቄ አነሳው። ውስጡን አየሁት። በኦክ ማገሮቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፏል። በላዩ ጭቃ። ጭቃው ውስጥ ጭድ። እበትም አለበት። እጄን አስገብቼ ትንሽ ቆንጥሬ አወጣሁ። ጭዱ አሁንም ቢጫ ነው። ከ400 ዓመት በላይ የሆነው ግድግዳ ነው የምልሽ። የእኛ ጭቃ ቤት! ማገር፣ ጭቃ፣ ጭድ፣ ምርጊት። ፈረንጅ አገር መጥቼ የማውቀውን ነገር ግድግዳ ውስጥ አገኘሁት። ስለዚህ ለልጅሽ ንገሪያት፤ ያየችው ባለ ጥቁርና ነጭ ግድግዳ ቤት አያቷ ከምታውቀው ቤት የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ተሸካሚው እንጨት ኦክ መሆኑና ምሰሶና ወራጁ ያለ ሚስማር፣ በእንጨት ችንካር መያያዙ ነው። አናጢዎቹ እንጨቱን መሬት ላይ ገጥመው ከሞከሩ በኋላ በየመገጣጠሚያው የሮማ ቁጥር ይጭሩበታል፤ ሲያቆሙት እንዳይምታታ። ዛሬም ባትሪ አብርተሽ ከጎን ካየሽው ጭረቱ ይታያል።

የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች መካከለኛ ባላባቶች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሰር ቶማስ ኮውን የሚባል ባላባት ነው። ጥሩር ለብሶ የተኛ የድንጋይ ምስሉ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። በ1521 ሰር ሪቻርድ ክሌመንት የሚባል የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ባለሟል ቤቱን በ400 ፓውንድ ገዛው። ይህ ሰው ቤቱን የፈለገው ለእርሻ አልነበረም። ለመታየት ነው። የንጉሡን ዓርማ በየመስኮቱና በየጣሪያው አስቀባ። እኔ የንጉሡ ሰው ነኝ እያለ ነው። አየሽ፣ የቤቱ ሥራ ተለወጠ። ግብር መሰብሰቢያ የነበረው ቤት የታማኝነት ማሳያ ሆነ።

በ1591 የሴልቢ ቤተሰብ ገዛው። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ያዙት። ስለነሱ ብዙ ተረት አለ፤ እዚያ አልገባም። ለእኔ ትልቁ ነገራቸው ቤቱን አለማፍረሳቸው ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ሀብታሙ ሁሉ አሮጌውን እያፈረሰ በግሪክና በሮማ ዓይነት ባለ ዓምድ ቤት ሲሠራ፣ ሴልቢዎች ጥግ ጥጉን እየጠጋገኑ ኖሩ። የሳሎኑን ግድግዳ በቻይና በእጅ በተሳለ ወረቀት አለበሱት፤ ዛሬም አለ። መሠረቱን ግን አልነኩትም። ሰው ብዙ ገንዘብ ሲኖረው ቤት ያፈርሳል። መጠነኛ ገንዘብ ሲኖረው ይጠግናል። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ዛሬ የምንደነቅባቸው አብዛኞቹ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች የተረፉት ባለቤቶቻቸው ለማፍረስ የሚበቃ ትርፍ ስላልነበራቸው ነው።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ተከራየ። ተከራዩ በአሜሪካ የባቡር ሐዲድ የዘረጋው፣ የኮሎራዶ ስፕሪንግስን ከተማ የቆረቆረው ጄኔራል ዊልያም ፓልመር ነው። ሚስቱ የልብ ሕመም ነበረባት፤ ከፍታው ስለከበዳት ዝቅ ያለ አገር ፈለጉ። እንግዲህ ከአሜሪካ ተራራ ለወረደች በሽተኛ ማረፊያ ሆነ ማለት ነው።

በ1889 ቶማስ ኮልየር ፈርገሰን ገዛው። ልጅሽ የነገረችሽ የውሻ ቤት የዚህ ሰው ዘመን ነው። ዳይዶ የምትባል ትልቅ የሴንት በርናርድ ዝርያ ውሻ ነበረቻቸው። በግቢው መሀል እንደ ትንሽ ቤት ተደርጎ ማደሪያ ተሠራላት። ዛሬ ያ የውሻ ቤት በሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ቅርስ ነው። በእንግሊዝ ከተመዘገቡት ቅርስ ሕንፃዎች የመጀመሪያ ደረጃ የተሰጣቸው ከመቶ 2.5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ልጅሽ ቀልብ የሳባትን ነገር መንግሥትም በሕግ ይጠብቀዋል።

ይህ ሰው ማሞቂያና መታጠቢያ ቤት አስገባ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላም ቤቱን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ጀመረ። ደስ የሚል ዘመን ይመስላል። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ልጁ ሪቨርስዴል በ21 ዓመቱ በሐምሌ 31 ቀን 1917 ቤልጅግ ውስጥ ሞተ። በዚያው ቀን ጥቂት ወታደሮች ይዞ የጀርመኖችን ምሽግ ያዘ፤ የማረከውን መትረየስ በነሱ ላይ አዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ አነጣጣሪ ተኳሽ መታው። የእንግሊዝ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስ ከሞተ በኋላ ተሸለመ። አባትየው ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በዚያ ቤት ኖሩ።

«ባለቤቶቹ ለምን ለቀው ወጡ» ላልሽው መልሱ ከዚህ ይጀምራል። አንደኛ ጦርነቱ ወራሾችን በላ። ሁለተኛ አሽከር ጠፋ። ፋብሪካና ቢሮ የተሻለ ከፈሉ፤ በነጋ በጠባ የሌላ ሰው እሳት ለማንደድ ማን ይመለሳል? ሰባ ክፍል ያለ አሽከር አይሞቅም፣ አይጠረግም። ሦስተኛውና ዋናው ግን የውርስ ግብር ነው። በ1894 ሲጀመር ከትልልቆቹ ሀብቶች ከመቶ 8 ነበር። በ1919 ከመቶ 40 ደረሰ። በ1949 ከመቶ 80። አባት ሞቶ፣ ወራሹም ብዙ ሳይቆይ ከሞተ ደግሞ ግብሩ በጥቂት ዓመት ሁለቴ ሊከፈል ይችላል። መሬቱ ይሸጣል። መሬት ሲሸጥ ቤቱን የሚመግብ ገቢ ይቆማል። የጥንቱ የማነር ይዞታም ከ1926 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ቀረ። ከጥቅሎቹም ብዙዎቹ ወደ ቤተ መዛግብት ገቡ።

ፍርዱ ከባድ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ቤቶች ፈረሱ። የባሰው 1950ዎቹ ነው። በ1955 በየአምስት ቀኑ አንድ ቤት ይፈርስ ነበር እየተባለ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የኦክ ወለላቸው፣ የእሳት ማንደጃቸው፣ ደረጃቸው እየተነቀለ ተሸጠ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ የኦክ ዛፍ ለምሰሶ ለመድረስ መቶ ዓመት ይፈልጋል። መገንጠያ ብረት የያዘ ሰው ግን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል።

የተረፉትስ? አዲስ ሥራ ያገኙት ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት ብዙዎቹን ወስዶ ለወታደር፣ ለሆስፒታል፣ ከለንደን ለሸሹ ትምህርት ቤቶች ሰጠ። ብሌችሊ ፓርክን ሳትሰሚ አትቀሪም። የባለጸጋ የገጠር ቤት ነበር። በ1938 የስለላው ድርጅት አለቃ አድሚራል ሂዩ ሲንክሌር በ6,000 ፓውንድ፣ ያውም ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ገዙት። የጠላት ምስጢራዊ መልእክት የሚፈታበት ቦታ ሆነ። በ1945 መጀመሪያ 9,000 ያህል ሰው ይሠራበት ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ለእኛ የሚቀርበውን ልንገርሽ፦ በ1940 እና 1941 ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር የሚላላካቸው ምስጢራዊ መልእክቶችም እዚያ ይፈቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ የመምህራን ማሠልጠኛም ሆነ፣ የቴሌኮም ሠራተኞች ማስተማሪያም ሆነ። ዛሬ ሙዚየም ነው።

አይተም ሞት ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ሽማግሌው ኮልየር ፈርገሰን በ1951 ሲሞቱ ወራሹ የልጅ ልጅ ቤቱን መያዝ አልቻለም። ዕቃው ተሸጠ። ቤቱም ሊፈርስ ይችላል ተብሎ ተፈራ። የአካባቢው ሦስት ነጋዴዎች አዋጥተው ገዙት። ለትርፍ አልነበረም፤ ሌላ የሚያድነው ሰው እስኪመጣ ይዘው ለመቆየት ነው። በ1953 ሰውየው መጣ። ቻርልስ ሄንሪ ሮቢንሰን ይባላል፤ የአሜሪካ የሜይን ሰው። በወጣትነቱ በብስክሌት ሲዞር ቤቱን አይቶት ነበር። ገዛሁ ብሎ ወደ አገሩ በኩዊን ሜሪ መርከብ ሲመለስ ልቡ ፈራ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ የሚል ደብዳቤ ጻፈ። የሚለጥፈው ቴምብር ግን መርከቡ ላይ አጣ። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። አገሩ ሲደርስ ፍርሃቱ ለቆት ነበር። ታሪኩ የሚነገረው እንዲህ ነው።

ሮቢንሰን የሚኖርበት በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ጣሪያውን አስጠገነ፣ ክፍሎቹን በጥንት ዕቃ ሞላ። በ1985 ሲያርፍ ቤቱን ለናሽናል ትረስት አወረሰ። ናሽናል ትረስት በ1895 የተቋቋመ የቅርስና የተፈጥሮ ጠባቂ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በ1937 የወጣ ሕግ ቤቶችን ከነርስታቸው ተረክቦ ለሕዝብ እንዲከፍት መንገዱን ጠርጎለታል። ብዙ ቤተሰቦች ግብሩን ሽሽት ቤታቸውን አስረክበው፣ ጥግ ላይ ጥቂት ክፍል ተሰጥቷቸው ኖረዋል።

ከ1989 እስከ 2004 አይተም ሞት ተጠገነ። ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። አንዳንዱ ክፍል ማገር በማገር ተፈትቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ በአዲስ ኦክ ተተክቶ ተመልሶ ቆመ። እንጨቱን የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ አለ፤ በጸጥታ ሌሊት ግንድ ውስጥ ሆኖ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት እየተቆጠረም የየክፍሉ ዕድሜ ታወቀ።

ከቀሩት ማነር ሃውሶች ብዙዎቹ ዛሬ ሆቴል፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ወይም አፓርታማ ናቸው። እኔ ይህን አልቃወምም። ሰው የሚገባበት ቤት ይሞቃል፣ የሚያፈስ ጣሪያው ቶሎ ይታያል። የምቃወመው ችኮላን ነው። አንድ የሠርግ ቤት ላይ ተጠርቼ ነበር። ግድግዳው ለፎቶ እንዲያምር ተብሎ ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል። ኖራና ጭቃ ይተነፍሳሉ፤ እርጥበት ያስወጣሉ። ሲሚንቶ ያፍናል። መፍቻዬን ከሥር ባለው የኦክ ተሸካሚ ላይ ጫን ሳደርገው እንደ ዳቦ ገባ። አራት መቶ ዓመት የቆመ እንጨት በሃያ ዓመት ሲሚንቶ ፈረሰ። የጃንሜዳ ጭቃ ቤት የለሰነ ሰው እንኳ ይህን ስህተት አይሠራም።

ስለ ጃንሆይ ቤት ለጠየቅሽው፦ የባዙ ፌርፊልድ ሃውስ ማነር ሃውስ አይደለም። ሸንጎ፣ ሁዳድ፣ ገባር ኖሮት አያውቅም። በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የከተማ ዳር ቪላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ኖሩበት። ለአራት ዓመት የስደተኛ መንግሥት ቤት ነበር ማለት ነው። በ1958 ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡት፤ ለአረጋውያን እንዲውል። ለብዙ ዓመት የአረጋውያን መኖሪያ ሆነ፤ አሁንም አረጋውያን ይሰበሰቡበታል፣ ጎብኚም ይገባበታል። በዓይነቱ ማነር ባይሆንም በዕጣው ግን ከነሱ ጋር ይመሳሰላል። ሥራ ስላላጣ ነው የቆመው። ካልሄድሽበት ሂጂ።

ማዕረጉን በተመለከተ ተጠንቀቂ። «የማነር ጌትነት» የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አለ፤ በሕግም ይሸጣል። ግን ባዶ ነው። ቤቱንም መሬቱንም አይጨምርም። መኳንንት አያደርግም፤ «ሎርድ እገሌ» አያሰኝም። ከጥቅምት 13 ቀን 2003 ወዲህ ማዕረጉን በመሬት መዝገብ ቤት እንደ አዲስ ማስመዝገብም አይቻልም። መብቱ ከቤቱ ተለይቶ ስሙ ብቻ ቀረ። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ፓውንድ የሚሸጠው የምስክር ወረቀት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ገንዘብሽን ለመግቢያ ትኬት አውይው።

ሁለታችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ቁሙና ውሃው ውስጥ የሚታየውን የቤቱን ጥላ እዩ። ከዚያ ወደ ጸሎት ቤቱ ግቡ። ጣሪያው ጎበጥ ያለ፣ በእንጨት ላይ የተሳለ ነው። የሪቻርድ ክሌመንት ዘመን ሥራ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ልጅሽ ቀና ብላ የሮማን ፍሬ ሥዕል ትፈልግ። ሮማን የንግሥት ካትሪን የአራጎን ዓርማ ነበር፤ ሄንሪ በኋላ የፈታት የመጀመሪያ ሚስቱ። ንጉሡ ንግሥቲቱን ካባረረ በኋላ በብዙ ቦታ ዓርማዋ ተፋቀ። እዚህ ቤት ግን ማንም መሰላል አቁሞ ሊፍቀው አልወጣም። አሁንም እዚያው አለ።